በሁለት ጥርስ መሃል

ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ብረት ናት። ጫፏ ጠበብ ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሁለቱ ጎኖቿ ወደ ውስጥ ትንሽ ሰርጎድ ብለዋል። ለማያውቅ ሰው ከቶርኖ ቤት ወለል ተጠርጎ ከሚጣለው ስባሪ አትለይም። የወጣችውም ከስባሪ ነው፤ ጫፉ ከሄደ አሮጌ የፍሬዛ መቁረጫ። የሠራት ሰው በምሥራቅ ናይሮቢ፣ ካሪዮባንጊ ላይት ኢንዱስትሪስ በሚባለው የወርክሾፖች ሰፈር አንድ ቶርኖና አንድ ፍሬዛ ይዞ የሚያድር ባለሙያ ነው፤ በአገሩ አጠራር ፉንዲ። የተሠራችበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። ሞጁሉ፣ ማለትም የጥርሱ የመጠን ልክ፣ 3 የሆነ 30 ጥርስ ያለው ጊር ሲወጣ፣ በሁለት ጥርስ መሃል ያለውን ቦታ ፈልፍላ ታወጣለች። ሠላሳ ቦታ ገብታ ሠላሳ ክፍተት ትታ ትወጣለች።

የጊር መቁረጫ የሚነድፍ ሰው ዓይኑ ያለው ክፍተቱ ላይ ነው። ጥርስ የሚባለው ሁለት ክፍተቶች በትክክል ሲወጡ መሃላቸው የሚቀረው ብረት ነው። ስለዚህ መቁረጫው የክፍተቱ ግልባጭ መሆን አለበት፤ በስለቱ ላይ ያለው ሁሉ፣ ቅርጹም፣ ጭረቱም፣ የጸጉር ያህል መዛነፉም ወደ ጊሩ ይሻገራል። የሚሻገረውም በጥርሱ ቁጥር ልክ ነው። ዘንግ የሚያቀጥን ቶርኖ ሠራተኛ አንድ ቦታ ቢስት ያችን ቦታ ሊያክም ይችል ይሆናል። መቁረጫው ላይ የሳተ ግን ሠላሳ ጊዜ ስቷል፤ ጊሩም ሲገጠም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እየጮኸ ይናገርበታል።

ቅርጹ ከየት ይመጣል? ክር በክብ እንጨት ላይ ጠምጥሞ፣ ጫፉን ወጥሮ እየፈታ የሚሄድ ሰው የክሩ ጫፍ በአየር ላይ አንድ መስመር ሲስል ያያል። ይህ መስመር ኢንቮሉት ይባላል። ለጊር ጥርስ የሚስማማ መሆኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ታላቁ የስዊስ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው። ዛሬ በመኪና ካምቢዮም ሆነ በእህል ወፍጮ፣ በሊፍትም ሆነ በቶርኖው በራሱ ሆድ ውስጥ የሚዞረው ጊር ከሞላ ጎደል ሁሉ በዚህ መስመር የተቀረጸ ነው። ምክንያቱ ለወርክሾፕ ሰው ቶሎ የሚገባ ነው፦ ሁለት የኢንቮሉት ጊሮች ዘንጎቻቸው በጥቂቱ ቢራራቁ እንኳ አንዱ ሌላውን የሚያዞርበት ምጣኔ አይዛባም። ኩሽኔታው ለተበላ፣ ቤቱ በእጅ ለተቦረቦረ፣ ባለቤቱም እንደምንም ይሥራልኝ ለሚለው አሮጌ ማሽን ከዚህ የበለጠ ምሕረት ያለው ቅርጽ አልተገኘም።

ነገር ግን መስመሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በጥርሱ ቁጥር ይለዋወጣል። ሞጁሉ ያው 3 ሆኖ 12 ጥርስ ባለው ትንሽ ጊር ላይ የጥርሱ ጎን መሃሉ ላይ ሲለካ 6.16 ሚሊሜትር ራዲየስ ካለው ክብ ጋር ይገጥማል። 30 ጥርስ ሲሆን ራዲየሱ 15.39 ይደርሳል፤ 100 ጥርስ ሲሆን ደግሞ 51.3። ጥርሱ በበዛ ቁጥር ጎኑ እየተቃና ይሄዳል ማለት ነው። ለ30 የተሠራች መቁረጫ ለ12 የማትሆነው ለዚህ ነው፤ ብትገባም የምታወጣው ጥርስ የሚመስል ነገር ብቻ ይሆናል።

ናይሮቢ ውስጥ ሥራው የሚጀምረው ከወረቀት አይደለም፤ ከተሰበረ ጊር ነው። ባለጉዳዩ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ግራሶ የጠጣ፣ አራት አምስት ጥርሱ የረገፈ ብረት ይዞ ይመጣል። ከሊሙሩ አካባቢ የሻይ ማሽን፣ ከኢንዱስትሪያል ኤሪያ የዱቄት መቀላቀያ፣ ከጭቃ ውስጥ የወጣ የሸንኮራ መጭመቂያ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ጊር የየትኛው አገር ልጅ ነው የሚለው ነው። የድሮ የእንግሊዝ ማሽኖች የጥርሳቸው ልክ በኢንች ነው፣ ዲያሜትራል ፒች በሚባለው። ኋላ ከጃፓን፣ ከቻይናና ከአውሮፓ የገቡት በሞጁል ነው። ዲያሜትራል ፒች 8 ወደ ሞጁል ሲለወጥ 3.175 ይሆናል። ከሞጁል 3 ጋር ያለው ልዩነት 0.175 ነው፤ ዓይን አይለየውም፣ ያረጀ ጊር ላይማ ጨርሶ አይለይም። ማሽኑ ግን ይለየዋል። በዚህ ላይ የጥርሱ ዘመም ማዕዘን አለ፤ የድሮዎቹ ብዙዎቹ 14.5 ዲግሪ፣ የአሁኖቹ 20 ዲግሪ።

ፉንዲው ይህን ሲለይ ማየት ከሥራው ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። ካሊፐሩን ከፍቶ አራት ጥርስ በአንድነት አቅፎ ይለካል። ከዚያ አንዱን ጥርስ ትቶ ሦስቱን ብቻ ያቅፋል። ሁለቱን ይቀንሳል። 8.86 ይቀራል። በቃ፣ ጊሩ ማንነቱን ተናገረ፤ ሞጁል 3፣ 20 ዲግሪ። ዲያሜትራል ፒች 8 በ20 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 9.37 ይሆን ነበር፤ በ14.5 ዲግሪ ደግሞ 9.66። የዘዴው ውበት ያለው በመቀነሱ ላይ ነው። ጥርሶቹ በእኩል የተበሉ ከሆኑ፣ የተበላው ከአራቱም ልኬት ከሦስቱም ልኬት እኩል ይጎድላል፤ ሲቀናነሱ መበላቱ ራሱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጊሩ አዲስ ሳለ የነበረው ርቀት ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ብረት የተወለደበትን ልክ በአንድ ቅነሳ ይመልሳል። ለማረጋገጫ የውጭውን ስፋት ይለካል፤ 96 ሚሊሜትር ለ32፣ ማለትም ለጥርሱ ቁጥር ሲደመር ሁለት፣ ሲካፈል 3። ሁለት ምስክር ከተስማማ ሥራው ይጀመራል።

አሁን መቁረጫውን መቅረጽ ነው። ኢንቮሉትን በእጅ መሳል ይቻላል፤ ነገር ግን ስሎ በዓይን ግምት መሞረድ የዕድል ጉዳይ ነው። ቶርኖ ያለው ሰው የሚተማመንበት ሌላ መንገድ አለ። የጥርሱ ጎን ከ15.39 ራዲየስ ክብ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ ያንን ክብ ራሱን መሥራት ይቻላል። ሁለት ትንንሽ ድስክ ያወጣል፣ እያንዳንዳቸው ስፋታቸው 30.78 ሚሊሜትር። ማዕከላቸውን 33.05 ሚሊሜትር አራርቆ በአንድ ላሜራ ላይ ያስራቸዋል። በሁለቱ ድስኮች መሃል የሚቀረው ጠባብ በር፣ በሁለት ጥርስ መሃል ያለው ክፍተት ነው፤ በጥርሱ ወገብ ላይ ስፋቱ 4.71 ይሆናል፣ ከፓይ ጋር ተባዝቶ ለሁለት የተከፈለ ሞጁል 3 ማለት ነው። ስለቷ እዚያ በር ውስጥ ገብታ ወደ ብርሃን ስትያዝ፣ በጎኖቿና በድስኮቹ መካከል ብርሃን ማለፍ የለበትም። ብርሃን ካለፈ ወደ መሞረጃው ድንጋይ ትመለሳለች።

ክብ እንደ ኢንቮሉት አይደለም፣ እውነት ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ከጥርሱ ወገብ ርቆ ወደ ጫፍና ወደ ሥር ሲኬድ ነው፤ በዚህ ሞጁልና በዚህ የጥርስ ቁጥር ግን ጊሩ በመጠነኛ ፍጥነት ለሚዞር ማሽን ከበቂ በላይ ነው። ይህን ማወቅ የነዳፊው ፍርድ ነው። የት ላይ ትክክል መሆን ግዴታ እንደሆነ፣ የት ላይ መቀራረብ እንደሚበቃ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ሁሉን ትክክል ላድርግ ብሎ አንዱንም ከማይጨርሰው ይበልጣል።

ከፊት ሲታይ ይህ ሁሉ ቅርጽ ነው። ሙያው ግን ከጀርባ ነው ያለው። መቁረጫ የሚቆርጠው በፊቱ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ከጠርዙ በስተጀርባ ያለው ሥጋ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለበት፣ አለዚያ ብረቱን እያሸ ይግላል፣ ይቃጠላል። ጫፉ ላይ 10 ዲግሪ ማፈግፈግ ለብዙ ሥራ ይበቃል። ነገር ግን ቅርጹ ሳይለወጥ ሁሉም ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ከተደረገ፣ ጫፉ 10 ዲግሪ ሲያገኝ 20 ዲግሪ የዘመመው ጎን የሚያገኘው ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጎኑ ያሻል፣ ጥርሱም የተቧጨረ ይወጣል። ስለዚህ ፉንዲው ለጫፉ ከሚያስፈልገው በላይ፣ እስከ 15 ዲግሪ ይሰጠዋል፤ ለጎኑ አምስት እንዲደርሰው። በድንጋዩ ፊት ያለችውን ትንሽ መደገፊያ ጠረጴዛ አዘንብሎ ብሎኑን ሲያጠብቅ፣ አጠገቡ የቆመው ወጣት ተለማማጅ በአገሩ የአክብሮት አጠራር «ምዜ፣ ጫፉ ይሳሳል እኮ» አለው። መልሱ አጭር ነበር፤ ጫፉ ይቻለዋል፣ ጎኑን አስብለት።

ፊቷን ደግሞ ቀጥ አድርጎ ይተዋታል፣ ወደፊት ሳያዘነብል። ስለት ወደፊት ቢያዘነብል ብረት በቀላሉ ይቆርጣል፤ ይህን ማንኛውም ቶርኖ ሠራተኛ ያውቃል። የጊር መቁረጫ ላይ ግን ፊቱ ካዘነበለ የሚወጣው ቅርጽ በድስኮቹ መሃል የተፈተሸው አይሆንም። ስለዚህ ቀላል አቆራረጥን ሆን ብሎ ይተዋል። ቀስ ብሎ ይቆርጣል፣ ዘይት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቅርጹን ግን አይነካም። ስለቷ ስትሞረድ ብትግል ውሃ ውስጥ አይነክራትም፤ ሃይ ስፒድ የሚባለው ብረት ወደ 600 ዲግሪ ሙቀት እስኪጠጋ ጥንካሬውን አይለቅም፣ ድንገተኛ ውሃ ግን ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያበጅበታል። አየር ላይ ይዟት ይጠብቃል።

ይህን ሥራ ያየሁት ዓለም ከደረሰበት ጋር እያስተያየሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 አሜሪካዊው ጆሴፍ ብራውን፣ ፊቱ ብቻ እየተሳለ ቅርጹ ሳይለወጥ እስኪያልቅ የሚሠራ መቁረጫ በፓተንት አስመዘገበ። ከጠርዙ በስተጀርባ ያለው እያንዳንዱ ስንጥር ብረት ያንኑ ቅርጽ ይዞ በትንሽ በትንሹ ያፈገፍጋል፤ ስለዚህ ስለቱ ደንዝዞ በተሳለ ቁጥር ከበታቹ የሚወጣው ያው ቅርጽ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሞጁል ስምንት መቁረጫ በሣጥን ይሸጥ ጀመር። አንዱ ከ12 እስከ 13 ጥርስ፣ ሌላው ከ14 እስከ 16፣ እንዲህ እያለ 26 እስከ 34ን አልፎ ከ135 እስከ ቀጥ ያለ ጥርሳም ዘንግ። በ1890ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው ሄርማን ፕፋውተር በኬምኒትስ ከተማ ሆብ የሚጠቀም ማሽን አወጣ። ሆብ ማለት ስለት እንዲያበጅ በርዝመቱ የተሸነሸነ ብሎን ነው፤ ጎኖቹ ፍጹም ቀጥ ያሉ፣ 20 ዲግሪ የዘመሙ። ሆቡ አንድ ጊዜ ሲዞር ጊሩ አንድ ጥርስ ይራመዳል፤ ቀጥ ያለው ስለት እየተከታተለ በሚያልፍበት እንቅስቃሴ ኢንቮሉቱ ራሱ ይወለዳል። ቀጥ ካለ ነገር ጎባጣ ነገር የሚወጣበት ይህ አስተሳሰብ ከሰው ልጅ ታላላቅ ሐሳቦች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ለ20 ጥርስም ለ200 ጥርስም አንዱ ሆብ ይበቃል። ጥርሱ ከ17 ካነሰ ብቻ ሆቡ የጥርሱን ሥር መቦርቦር ይጀምራል፤ ያኔ ነዳፊው ሌላ መላ ይሻል።

በሆብ ነዳፊዎች ሥራ ደግሞ በተለይ የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ጊሩ ከተጠነከረ በኋላ እንደገና በድንጋይ የሚቀረጽ ከሆነ፣ በሆቡ ስለት ጫፍ ግራና ቀኝ ዓይን የማይለያት ትንሽ እብጠት ይሠሩበታል። እብጠቷ የጥርሱ ሥር ላይ እጅግ ትንሽ ጎድጓዳ ትተዋለች። ምን ይጠቅማል? ድንጋዩ ኋላ መጥቶ ጎኑን ሲያስተካክል ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል፤ ሥሩ ላይ ጥርሱ የሚሰበርበት እርከን አይተውም። ዛሬ የሚቆርጥ መሣሪያ ሲነደፍ፣ ከሳምንታት በኋላ በሌላ ማሽን ላይ ለሚመጣው ድንጋይ ታስቦለታል ማለት ነው።

ናይሮቢ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1899 ደርሶ ዋና ወርክሾፑን እዚያ ተከለ፣ ለእኛ ድሬዳዋ እንደሆነችው ሁሉ። በዚያው ወርክሾፕ ነው በ1980ዎቹ መጨረሻ ኬንያውያን የራሳቸውን መኪና የሞከሩት። ፕሬዚዳንት ሞይ መልኳ ባያምርም ፍጥነቷ ባይበዛም መኪና ሥሩ ብለው በ1986 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲን ጠየቁ፤ ኒያዮ የተባሉት አምስት መኪኖች በ1990 ወጡ። ለገበያ አልበቁም፤ ከሙከራው የተረፈው ማሽንና እውቀት ግን በ1994 ኑሜሪካል ማሽኒንግ ኮምፕሌክስ የተባለ ድርጅት ሆነ፤ ዛሬም ብረት ያቀልጣል፣ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን መለዋወጫ ያወጣል። ከዚያ ግቢ እስከ ካሪዮባንጊ ያለው መንገድ በመኪና ሩቅ አይደለም። በማሽን ሲታይ ሩቅ ነው። አንድ ጊር ብቻ ለሚያወጣ ፉንዲ ሆብ መግዛት አይዋጣም፤ የስምንቱ ሣጥንም ለእያንዳንዱ ሞጁል ለየብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን አንዷን ክፍተት ብቻ ለይቶ ለእሷ አንድ ስለት ያበጃል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምናመሰግነው በድህነቱ ነው፤ ከቆሻሻ ውስጥ ይህን አወጣ፣ ያለ ትምህርት ይህን ቻለ እያልን። አዲስ አበባም ምናለሽ ተራንና የመርካቶ ቶርኖ ቤቶችን የምናወድሰው በዚሁ ቃና ነው። ይህ ምስጋና ባለሙያውን ያሳንሰዋል። ሥራው የሚጠይቀው የትኛውም አገር ላይ የሚጠየቀውን ነው፤ ስፋቱ 4.71 ነው ወይስ አይደለም? ብርሃን ያልፋል ወይስ አያልፍም? ፉንዲው ራሱን በዚህ ይመዝናል፤ እኛም በዚሁ ብንመዝነው ክብሩ ይህ ነው። ስባሪውን የመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የድሮ መቁረጫ ብረቱ ምን እንደሆነ የታወቀ፣ ጥንካሬውን በሥራ ያሳየ ነው፤ ከገበያ በስም ብቻ ከሚገዛው ቱል ቢት የበለጠ ይተማመንበታል። ይህ የብረት ዕውቀት ነው።

ቆረጣው ራሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጸጥ ያለ ሥራ ነው። ስለቷ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻዋን ትታሰራለች፤ ፍሬዛው አንድ ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ትነክሳለች። ጊር የሚሆነው ክብ፣ ኢ.ኤን 8 የተባለው አረብ ብረት፣ 96 ሚሊሜትር ሆኖ ተቶርኗል፤ የታሰረውም እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ሥራው አንድ ጊዜ በሚዞርበት ዲቫይዲንግ ሄድ ላይ ነው። 40 ለ30 ሲካፈል አንድ ሙሉ ዙርና ሲሶ ነው፤ ሲሶውን የሚያገኘው 39 ቀዳዳ ካለው ክብ ላይ 13 ቀዳዳ በመቁጠር ነው። በየጊዜው እንዳይቆጥር እንደ መቀስ የሚከፈቱ ሁለት ክንዶች ልኩን ይዘውለታል። እጀታውን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያዞራል። አንድ ቀዳዳ ካለፈ ያቺን ቀዳዳ ብቻ አይመለስም፤ ግማሽ ዙር ያህል ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና ይመጣል፤ በውስጥ ጥርሶች መሃል ያለው መላወስ ወደ ሥራው እንዳይገባ። ጥልቀቱ 6.75 ነው። በአንድ ጊዜ አይወርድበትም፤ መጀመሪያ ሠላሳውንም ቦታ ሻካራ አድርጎ ያወጣል፣ ከዚያ ስለቷን በዘይት ድንጋይ ፊቷን ብቻ አሹሎ ለማጠናቀቂያው ይመለሳል። ፊቷ ብቻ ስለተነካ ድስኮቹ መሃል ብትገባ አሁንም ብርሃን አታሳልፍም፤ ብራውን በ1864 ያመጣው ሐሳብ በአንዲት ስባሪ ላይ ይሠራል።

ሲያበቃ ካሊፐሩን አንሥቶ አራት ጥርስ ያቅፋል። አሮጌው ጊር ላይ ያገኘው ከመበላት የተረፈ ልክ ነበር፤ አዲሱ ላይ የሚፈልገው 32.15 አካባቢ ነው፣ ከሙሉው ልክ ከ32.26 ለመላወሻ ትንሽ ቀንሶ። ከአራት ወገን ይለካል። አራቱም ቢስማሙ እንኳ አይበቃውም፤ አሮጌውን ተጓዳኝ ጊር ቀለም ቀብቶ ሁለቱን በእጁ ያዞራቸዋል፤ ቀለሙ በጥርሱ ወገብ ላይ መቀባት አለበት። ጫፍ ላይ ከተቀባ ገና አልጨረሰም።

ያቺ ስለት ከዚያ በኋላም አትጣልም፤ 3 እና 30 የሚሉ ቁጥሮች ጎኗ ላይ ተመትተውባት ሌላ ሥራ ትጠብቃለች። ሌላ ባለጉዳይ ሞጁሉ 3 የሆነ፣ 32 ጥርስ ያለው ጊር ይዞ ቢመጣ ፉንዲው እሷኑ ያወጣታል። ለ30 የተቀረጸው ጎን ለ32 ከሚያስፈልገው እምብዛም ባልበለጠ ይጎብጣል፤ የጥርሱ ጫፍና ሥር በጥቂቱ ይሳሳል፣ ጊሩም ሳይነካካ በደኅና ይዞራል። ባለ ስምንቱ ሣጥን መቁረጫዎችም እያንዳንዳቸው የተቀረጹት ለመደባቸው ዝቅተኛ ቁጥር የሆነው ለዚሁ ነው። 28 ጥርስ ያለው ቢመጣ ግን፣ ልዩነቱ ያው ሁለት ጥርስ ቢሆንም፣ እሷን አይነካትም። ለ28 ጎኗ በቂ አይጎብጥም፤ የጥርሱ ጫፍ ወፍሮ ይቀራል፣ የተጓዳኙን ሥር ይቧጥጣል። ባለጉዳዩ ቸኩሎ ያቺኑ ተጠቀምባት ቢለውም ነገ ና ይለውና፣ አዲስ ስባሪ አንሥቶ ለ28 የሚሆኑትን ሁለት ድስኮች ስፋት ያሰላል፦ 28.73።